ጥቁሩን ያዙት የተባለ ዕለት

ነገሌ ሳለሁ ያየሁትን ላጫውታችሁ። የጦር ሰፈሩና የከተማው ቡድን ኳስ ሲጋጠሙ፣ አንድ ወታደር የከተማውን አጥቂ ማስቆም ቢያቅተው «ያንን ጥቁር ያዙት» ብሎ ጮኸ። ተመልካቹ ሳቀ። ዳኛው ቀድሞ ፊደል ያስቆጠርሁት መምህር ነበርና፣ ፊሽካውን ነፍቶ ከግራር ጥላ ሥር ወደ ተቀመጥሁበት መጣ።

«የኔታ፣ ተሳድቧልና ላስወጣው ነው። እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«ሰውን በመልኩ ማዋረድ ፈጣሪውን መንቀፍ ነውና ይውጣ» አልሁት።

አጥቂው ግን ላቡን እየጠረገ ቀረበና «አባ፣ ስሜ እኮ ጉራቻ ነው፤ በአማርኛ ጥቁር ማለት ነው» አለኝ።

«ታዲያ አልሰደበኝም ትላለህ?» አልሁት።

«እሱስ ሊሰድበኝ ነው፤ ስሜን መች ያውቃል። እኛ ግን ዝናብ ያዘለውን ሰማይ ጉራቻ እንላለን። ፈጣሪንም ስንለምን ዋቃ ጉራቻ ብለን ነው። በዚህ ቃል እንዴት እዋረዳለሁ? አይውጣብኝ፤ በስሜ ይጥራኝና እንጫወት።»

ዕድሜዬን ሙሉ የቃል ምስጢር ሳስተምር ኖሬ፣ ይህን ከኳስ ሜዳ ተማርሁ። ፍርዴንም አነሣሁ። ወታደሩ አንገቱን ደፍቶ ቀረበና «ጉራቻ» ሲል ጠራው።

«አቤት» አለው አጥቂው፣ በአማርኛ።

እኔም ለካ ሳላስበው ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ቆሜያለሁ።