ያልሄደው መልእክት

ኢንተርኔት ከጠፋ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ ያጠፋውን ሰው ማን እንደሆነ ሳላውቅ ስረግመው ሰነበትኩ። ዛሬ ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ በቦርሳው ጉልበቴን የሚገፋኝ ወጣት እሱ ኖሯል። ከወዲያ በኩሉ ለተቀመጡት የዜማ መምህር ይናዘዛል።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔታ። ጌትዌይ የምንለው ማሽን ሁለት በር አለው። በአንዱ ከስልኮች ይቀበላል፣ በሌላው ወደ ኢንተርኔት ያወጣል። እኔ መቀበያውን ከመውጫው በር ላይ አሰርኩት።»

«ካህናቱን በሴቶች በር አስገባኋቸው በለኛ!»

«እንደዚያ ነው። ስልክ ይደወላል፣ ዳታ ግን አያልፍም።»

«ምነው ቀድመህ በነገርኸኝ! ደብረ ታቦር ያለ ተማሪዬ በየጠዋቱ ዜማውን ቀድቶ በቴሌግራም ይልክልኛል፣ አርመዋለሁ። ሁለት ቀን ሲቀርብኝ ናቀኝ አልሁ።»

«አልደወሉለትም?»

«መምህር ተማሪውን ደውሎ ይለምናል? ‹ሌላ መምህር ፈልግ› ብዬ ላክሁበት።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«በምን?»

«በዚያው በቴሌግራም።»

የወጣቱ ስልክ ጮኸ፤ ማሽኑ ዘንድ ያለው የሥራ ባልደረባው ነው። «አቤት… በሮቹን አስተካከልካቸው? ቆይ! እስክነግርህ መስመሩን አትክፈተው።» ወደ መምህሩ ዞረ። «የኔታ፣ ስልክዎን ያምጡ። መልእክቱ አልሄደም፣ እዚሁ ቆሟል። ላጥፋው?»

«አጥፋው ልጄ፣ አጥፋው!»

አጠፋው። «በል ክፈተው» አለ በስልኩ።

ትንሽ ቆይቶ የመምህሩ ስልክ ሁለት ጊዜ ጮኸ።

«የሁለቱንም ቀን ልኮልኛል» አሉ የኔታ።

ስረግመው የሰነበትኩትን ሰው ቦርሳ አነሳሁና ጭኔ ላይ አስቀመጥኩለት።