የሲባጎ ማተብ

በጣልያን ጊዜ ወደ ደብረ ታቦር በሚወጣ ካሚዮን ላይ ልጄን አቅፌ ተቀምጬ፣ አንዲት አራስ ከቄስ ጋር ስትሟገት ሰማሁ።

«አባ፣ የልጄ አርባው ዛሬ ነው። ሲጠመቅ ይችን ማተብ አድርገው በአንገቱ ይሰሩለት።»

«ምንድን ናት?»

«ሲባጎ።»

«ሲባጎ ደግሞ የማን አገር ቃል ነው?»

«የጣልያን። ክር ማለታቸው ነው አሉ። ከስኳር ጆንያ አፍ ላይ ፈታኋት።»

«ያገራችን ፈትል የት ሄዶ?»

«ጥጡ ከየት ይምጣ? ገበያው ተዘግቶ ከረመ።»

«አላስርም! ልጁን ከጥምቀቱ ባንዳ ልታደርጊው ነው?»

«እንግዲያው ከካሚዮኑ ይውረዱ፤ እሱም የነሱ ነው።»

ሰዉ ሳቀ።

«እኔ የተሳፈርሁት እግሬን ቢያመኝ ነው። እግርና አንገት አንድ ነው?»

«የዳዊትዎ ማኅደር ማንገቻስ በምን ተቀጥሏል?»

ቄሱ ዞረው ትከሻቸውን አዩ።

«ይኼማ... ጠፍሩ ቢበጠስብኝ ነው። ስሙን መች አወቅሁት?»

«ልጄም ስሙን አያውቅም። ይሰሩለት!»

«በይ አምጭው። ግን በሥላሴ ስም ሦስት አድርገሽ ግመጅው።»

እኔም በሲባጎ ቀጥዬ ከሸሚዙ ሥር የደበቅሁትን የልጄን ማተብ ቀስ ብዬ ወደ ውጭ አወጣሁት።