ሰው ሳይጠግብ የተነሳ ትሪ

ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ፣ ዓይኗን ላየው ከማልፈልጋት ልጅ ጎን ተቀመጥኩ። ሒክማ ነበረች፤ የኮምፒውተር ትምህርቷን ጨርሳ መጥታ ለቂሬያችን፣ ለመንደሩ ዕድር፣ በስልክ መልእክት ለቀብር የሚጠራ ፕሮግራም የሠራችው። አባቴ አሕመዲን የሞተ ዕለት ያ ፕሮግራም ገና ጥሪውን ሲጀምር ቀጥ አለ። ጡሩምባ ነፊውን ደግሞ ቂሬው «ስልክ እያለ ምን ያደርግልናል» ብሎ ቀድሞ አሰናብቶት ነበር። ዕድሜ ልኩን የሰው ጀናዛ ሲሸከም የኖረ አባቴን፣ ጎረቤቶቹ ገበያና ሐይቁ ላይ ሳይሰሙ እንደዋሉ፣ በጥቂት ሰው ቀበርኩት።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ መምህር።»

«ወዐለይኩም ሰላም። እስክንወርድ ድረስ አታናግሪኝ።»

ከፊት ወንበር የቂሬው ዳኛ ጋሽ ዝናው ዞር አሉ።

«ሰላሀዲን፣ እግዜር አገናኘን። ፕሮግራሙ ይጣል አይጣል ለማለት ቂሬው ያንተን ቃል ነው የሚጠብቀው።»

«ቃሌ አንድ ነው። ይጣል!»

ድምፄ ሳላስበው ስለጮኸ ሾፌሩ ሙዚቃውን ቀነሰ።

«አፉ ይበሉኝ፣ መምህር» አለች ሒክማ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አልክድም። ግን ምን እንደነበረ ሰምተው ይጣሉት።»

«ሞክሬዋለሁ ብለሽን አልነበር? በሰው አባት ነው የምትለማመጂው?»

«ሞክሬ ነበር፤ ግን በጥቂት ስልኮች ብቻ። ፕሮግራሙን የጻፍኩት ጃቫ በሚባል ቋንቋ ነው። ይህ ቋንቋ የራሱ ጽዳት ሠራተኛ አለው፤ ሥራው አለቀ ያለውን የኮምፒውተሩን የማስታወሻ ቦታ እየዞረ ያጸዳል። ከኮምፒውተሩ ጋር ተያይዞ መልእክት የሚልከው ሳጥን ግን ሲ በሚባል በቆየ ቋንቋ የተጻፈ የራሱ ላይብረሪ፣ ማለት ተዘጋጅቶ የመጣ የትእዛዝ ስብስብ፣ አለው። እኔ ‹የስልክ ቁጥሮቹ እዚህ ጋ ናቸው› ብዬ ቦታውን ብቻ እጠቁመዋለሁ፤ እሱ ከዚያ እያነበበ ይልካል።»

«ታዲያ ምን ነካው?» አሉ ጋሽ ዝናው።

«ላይብረሪው ወዲያው ‹እሺ› ይለኛል፤ መላኩን ግን ገና መጀመሩ ነው። የኔ ጽዳት ሠራተኛ ‹እሺ› ሲባል ሁሉም ያለቀ መሰለውና ቦታውን አነሳው። ስልኩ ጥቂት ሲሆን ጽዳቱ ሳይደርስ መላኩ ያልቃል። ቂሬው በሙሉ ሲጠራ ግን ላይብረሪው እያነበበ ሳለ ቦታው ጸዳበት፤ ፕሮግራሙም ወደቀ።»

ጋሽ ዝናው ጭናቸውን መቱ። «ኧረ ምን ዓይነቱ ባለጌ ነው! ለቅሶ ቤት ሰው ገና እየበላ ትሪ የሚሰበስብ!»

«ልክ እንደሱ ነው፣ ጋሼ።»

«እና ያንን ላይብረሪ አትጥይውም?» አልኳት። «ሁሉንም በራስሽ ቋንቋ ጻፊዋ!»

«ሳጥኑ በሌላ አይታዘዝም፤ የሠሩትም ሰዎች ውስጡን አላሳዩንም። ያለን አማራጭ ከውጭ ሆነን መጥራት ነው። ጥሪው ደግሞ ውል አለው፤ ቦታውን ማን ይይዛል፣ እስከ መቼ፣ ማንስ ያነሳል። እኔ ውሉን ሳልጠይቅ ጠራሁት። አሁን ቁጥሮቹን ጽዳቱ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጫለሁ። ላይብረሪው ‹ጨርሻለሁ› ሳይለኝ አይነሱም። በቂሬው ሰው ቁጥር ልክ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ።»

ንዴቴ አልበረደም፤ ነገሩ ግን ገባኝ። እኛ ሰዎች አዲሱን አምጥተን፣ አሮጌው በምን ሥርዓት እንደሚሠራ ሳንጠይቅ እናጣብቀዋለን። ሲፈርስ ደግሞ አንዱን መዝዘን እንወረውራለን። ጡሩምባውን እንደዚያ ጣልነው፤ ፕሮግራሙንም እንደዚያው ልንጥለው ነበር። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል።

«ስማ ልጄ» አሉኝ ጋሽ ዝናው። «ደሴ የሚሠራው፣ ከአርዲቦ ሐይቅ ማዶ የሚያርሰው የኛን ጡሩምባ አይሰማም፤ ስልኩን ይሰማል። ስልክ የሌለው ጡሩምባውን ይሰማል። ሁለቱም ካሉ ማንም ሳይሰማ አይቀርም። ጡሩምባ ነፊውን እኔ ራሴ ለምኜ እመልሰዋለሁ። ለመሆኑ ያባትህ አርባ መቼ ነው?»

«እሑድ ነው።»

«ጥሪውን በፕሮግራሙ እናድርገው።»

«ደግሞ ቢያዋርደኝስ? አባቴን ሁለቴ ልታስቀብሩኝ ነው?»

ሒክማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሳጥኑ ለማን እንደደረሰ፣ ለማን እንዳልደረሰ ይነግረኛል። ላልደረሰው በእግሬ ሄጄ እነግረዋለሁ። ወላሂ፣ መምህር።»

«እሺ!» አልኩ፤ እንደ ስድብ ነበር ያወጣሁት።

እሑድ ለሰደቃው ግቢያችን ሞላ፤ ከአርዲቦ መጡ፣ ከደሴ መጡ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም መጣ። የአባቴ ጓደኛ ሀሚዱ አንገቴን አቅፎ «ያኔ አልሰማሁም፤ አፉ በለኝ» እያለ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። በቀብሩ ቀን ግን ከንዴት በቀር ምንም አልወጣኝም ነበር።

ሒክማ ከሴቶቹ ጋር እያስተናገደች ነበር። ደጅ ለቆሙት ቦታ ለማስለቀቅ ቸኩላ፣ ከአርዲቦዎቹ ፊት ትሪ ልታነሳ ጎንበስ አለች። እጇን ያዝኩት።

«ተይው ሒክማ» አልኳት። «ገና እየበሉ ነው።»