ኢፋ ወደ ጉድጓዱ ያልወረደበት ምክንያት

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ራቢአ ሸምሱ ነስሮ
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ
አድራሻ፦ ሰበታ፣ ከወንዙ ማዶ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30 ጀምሮ
ጉዳዩ፦ ወጣት ኡዘይር ከሊፋ (22) በውሃ ጉድጓድ ውስጥ የሞተበት አደጋ
ተጠርጣሪ፦ ኢፋ ኢተፋ (27)፣ በቁጥጥር ሥር ያለ
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ኢንስፔክተር አሥራት ውብአየሁ
ቋንቋ፦ ምስክሯ ኦሮምኛም አማርኛም ይናገራሉ፤ ቃላቸውን በአማርኛ ለመስጠት መርጠዋል።

እኔ ከላይ ስሜ የተጠቀሰው ምስክር ወደዚህ ጣቢያ የመጣሁት በራሴ እግር ነው፤ የጠራኝ የለም። የሟች እናት ነኝ። ኢፋ ኢተፋ የታሰረው ባለቤቴ አቶ ከሊፋ ባቀረቡት አቤቱታ መሆኑን አውቃለሁ። አቤቱታው ኢፋ ልጃችንን ወደ ጉድጓድ አስወርዶ፣ ሲሞት ደግሞ ሊያወጣው ሲችል ቆሞ አይቷል የሚል ነው። ባለቤቴ በዚያን ቀን ለሱቃችን ዕቃ ሊያመጡ መርካቶ ሄደው ስለነበር በቦታው አልነበሩም። እኔ ነበርኩ።

መርማሪው «ሟች» እያለ ሲጽፍ ስም አለው፣ ኡዘይር በለው አልኩት። አጻጻፉ እንደዚያ ነው ብሎ መለሰልኝ። ከቅዳሜ ጀምሮ ሰው ሁሉ ጀናዛው፣ አስከሬኑ ሲለኝ ሰንብቷል። እዚህ እንኳ በስሙ ይጠራ ብዬ ስለጨቀጨቅኩት ከዚህ በታች ኡዘይር ተብሎ ተጽፏል።

አደጋው የደረሰበት የአትክልት ጓሮ የሁለት ቤት ነው። መሬቱና ጉድጓዱ የጎረቤቴ የገለቴ ነው። ገለቴ የኢፋ እናት ናት። ባሏ ኦቦ ኢተፋ ካረፉ ወዲህ ዘሩንና ማዳበሪያውን እኛ እያመጣን ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥርና ድንች አብረን እንተክላለን፣ አብረን እንበላለን። ኡዘይርና ኢፋ ያደጉት እዚያ መደብ ላይ ጭቃ እየተወራወሩ ነው። ሁለቱንም በአንድ ባልዲ ያጠብኳቸው ጊዜ ብዙ ነው። እነዚህ ልጆች ተጣልተው ነበር ወይ ተብዬ ተጠይቄአለሁ። ሲጣሉ ነው የኖሩት፤ ማታ ግን ከአንድ ትሪ ይበሉ ነበር።

ዘንድሮ ሁለቱም ጾም በአንድ ሳምንት ነው የሚገባው። የገለቴ ዐቢይ ጾም የፊታችን ሰኞ ይይዛል፤ የእኛ ረመዳን በዚያው ሳምንት ይከተላል። በጾም አንጀት ሲቆፍሩ መዋል ስለማይቻል ከዚያ በፊት ችግኙን ሁሉ ተክለን ለመጨረስ ተስማማን። ቅዳሜ ጥር 30 ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ እኔ፣ ኡዘይርና ኢፋ ጓሮ ወረድን። ገለቴ ቅዳሜ ስለሆነ ገበያ ሄዳ ነበር። ችግኙን ከመደቡ ነቅለን እርጥብ ጆንያ ላይ ደረደርነው። የተነቀለ ችግኝ በዚያው ቀን ካልተተከለና ውሃ ካልጠጣ ጠውልጎ ይቀራል፤ ስለዚህ ከተነቀለ በኋላ ነገ እናደርሰዋለን የሚባል ነገር የለም።

በዚህ ወቅት የጉድጓዱ ውሃ ወደ ታች ይሸሻል። የኢፋ የውሃ ሞተር ጉድጓዱ አፍ ላይ ሆኖ ቢነሳም ውሃው አልደርስለት ብሎ በባዶው ይጮኽ ጀመር። ሞተሩን በገመድ አስረን ጉድጓዱ ወገብ ላይ በተገጠመው የባሕር ዛፍ ርብራብ ላይ አስቀመጥነው። በየጓሮው እንዲህ ሲደረግ አይተናል፤ ጎረቤቶቻችንም ባለፈው ሳምንት አድርገውታል። ገመዱን የያዝነው ሦስታችን ነን። ኢፋ ብቻውን አወረደው የሚባለው ውሸት ነው፤ እጄ እስኪላጥ ይዤዋለሁ።

መጀመሪያ በግድግዳው መረገጫ ወርዶ ሞተሩን ያስነሳው ኢፋ ነው። እያሳለ ወጣና «ጢሱ አፍኖ ሊገድለኝ ነበር» ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ውሃው በቱቦው ወጥቶ ቦዩ ውስጥ ሲገባ ኡዘይር እንደ ሴት እልል አለ። እኔ ጎንበስ ብዬ ችግኝ ስተክል አይቶ «ኡሚ፣ ቦዩ ላይ እንዳትቀመጪ፣ ውሃው ሌላ መንገድ ሊፈልግ ነው» አለኝ። በውፍረቴ ሳይቀልድብኝ የዋለበት ቀን የለም። የአፈር ጓል ወረወርኩበት። ልጄን በሕይወቱ ለመጨረሻ ጊዜ የነካሁት በዚያ ጓል ነው።

አምስት ሰዓት አካባቢ ቤንዚኑ አልቆ ሞተሩ ጠፋ። ኢፋ በዚያን ጊዜ ከጓሮው ታችኛው ጫፍ ውሃ ወደ መስመሮቹ እየቀደደ ነበር። ከዚያው ሆኖ «ቆይ፣ እኔ እወርዳለሁ፣ ትንሽ ይብረድ» ብሎ ጮኸ። ኡዘይር «አንተ አንዴ ወርደሃል ብሮ፣ አሁን የኔ ተራ ነው» አለውና ቤንዚን ያለባትን ትንሽ ጀሪካን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ወረደ። ኢፋ ልጄን አስወረደው የሚለው ቃል ሐሰት ነው። ቆይ ነው ያለው። ቆይ ማለት ለእኔም ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ጆንያው ላይ የቀረውን ችግኝ እያየሁ ስለነበር ዝም አልኩ።

ጀሪካኗ ወድቃ ውሃ ስትመታ ሰማሁ። ኡዘይር ብዬ ተጣራሁ፤ መልስ የለም። ሄጄ አጎንብሼ ሳይ ልጄ ርብራቡ ላይ ሞተሩን እንዳቀፈ በግንባሩ ተደፍቷል። አንድ እጁ ወደ ውሃው ተንጠልጥሏል። ጮኽኩ። ኢፋ በቦዩ ውስጥ እየሮጠ መጥቶ ቦቲውን አውልቆ ወረወረና አንድ እግሩን መረገጫው ላይ አደረገ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።

አምና የባለቤቴ ዘመድ ሬሐና ተፍኪ ከተማ ውስጥ ሁለት ሰው በአንድ ቀን ቀብራ ለቅሶ ሄደን ነበር። ልጇና ታናሽ ወንድሟ ተዘግቶ የኖረ ጉድጓድ ሊጠርጉ ወርደው ነው የሞቱት። ሰው ሁሉ የታመቀ አየር ነው፣ ያረጀ ጉድጓድ እንዲህ ነው ይል ነበር። የእኛ ጉድጓድ ግን በየቀኑ የሚቀዳበት፣ ክፍት የሚውል ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል ብለን አስበን አናውቅም። በለቅሶው ቤት ሬሐና እጄን ይዛ ጆሮዬ ላይ የነገረችኝ ነገር አለ። «ልጄ ለብቻው ነበር የወረደው። ወንድሜን እኔ ነኝ የገፋሁት። ድረስለት ብዬ በእጄ ገፋሁት፤ ከወረደ በኋላ ቀና ብሎ አላየኝም» አለችኝ። ሬሐና ይህን ስትለኝ ዓይኗ ደረቅ ነበር።

የኢፋ እግር መረገጫው ላይ ሲያርፍ የታየኝ የሬሐና ዓይን ነው። በሹራቡ ያዝኩት። እሱ ጉልበተኛ ልጅ ነው፣ ሹራቡ እጄ ላይ ተቀደደ። አጠገቤ የነበረውን ዶማ አንስቼ በእጀታው ጉልበቱን መታሁት። ሲወድቅ ከጉድጓዱ አፍ ጎትቼ ወገቡ ላይ ተቀመጥኩበት። «ና ጋዲሲ! ልቀቂኝ! ይሞታል እኮ!» እያለ በኦሮምኛም በአማርኛም እየጮኸ አፈሩን ይቧጥጥ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ አንቱ እያለ የሚያናግረኝ ልጅ ነው። ያ ኡዘይር ሲቀልድበት የኖረው ክብደቴ በዚያን ሰዓት ሌላ ልጅ ይዞ አስቀረ። እንዲህ ተቀምጬ እየጮኽኩ ሰው ጠራሁ።

ኡዘይር አንድ ጊዜ «ኡሚ» አለ። ኢፋ የሰማ አይመስለኝም፣ ይጮኽ ስለነበር። እኔ ሰምቻለሁ። መስሎዎት ይሆን ብሎ መርማሪው ጠይቆኛል። አልመሰለኝም፤ ሰምቻለሁ፣ ሰምቼም አልተነሳሁም። ይህ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ።

የጎረቤት ሩጫ ሲቀርብ ከላዩ ተነስቼ፣ ሲደርሱ ማንም ሳይታሰር እንዳይወርድ አልኩ። ጃንጥላ ዘርግተው በገመድ እያወረዱና እያወጡ አየሩን አናፈሱት። ከዚያ አንድ ሰው ብብቱ ሥር በገመድ ታስሮ፣ ትንፋሹን ይዞ ወርዶ ኡዘይርን አሰረልንና ሳብነው። ወደ ሆስፒታል ስንወስደው የሞተሩ ጢስ አፍኖት ሕይወቱ አልፋለች ተባለ። ሐኪሙ ሁለተኛ ሰው ወርዶ ቢሆን ሁለት ሬሳ ይዛችሁልኝ ትመጡ ነበር ብሎኛል። ልክ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ግን ልጄ ሲጠራኝ አልሰማም።

ሰዎቹ ሲደርሱ ያዩት ጫማውን አውልቆ ጉድጓዱ አፍ አጠገብ የተቀመጠ ጎረምሳ ነው። ጉልበቱ ስላበጠ መነሳት አልቻለም። ለምን እንደተቀመጠ የጠየቀው የለም፣ እኔንም የጠየቀኝ የለም። በለቅሶው ሦስት ቀን ኢፋ ፈሪ ነው ሲባል እዚያው ፍራሽ ላይ ነበርኩ። ገለቴ በሩ ጥግ ተቀምጣ ሰው ሰላም ሳይላት ስትነሳና ስትቀመጥ አይቻለሁ። አፌን ስከፍት ባለቤቴን አያለሁ፣ መልሼ እዘጋዋለሁ። ኡዘይር እንዳይወጣ ያደረገችው የገዛ እናቱ ናት ተብሎ በአንድ ቤት እንዴት ይኖራል ብዬ ፈራሁ። አሁንም እፈራለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ገለቴ ለኢፋ ምግብ አድርሳ ስትመለስ እኔ ዘንድ ገባች። «ራቢ፣ ልጄ ፈርቼ ነው ያልወረድኩት ብሎ ፈርሟል። ኢፋ ፈሪ ነው እንዴ? አንቺ እዚያ ነበርሽ» አለችኝ። እኔ የለቅሶውን ፍራሽ ማስተካከል ያዝኩ፤ ወጥታ ሄደች። ዛሬ ጠዋት እዚህ ስመጣ መርማሪው ኢፋ የሰጠው ቃል እንደዚያ መሆኑን አረጋግጦልኛል። ስለ እኔ አንድም ቃል አልተናገረም። ጉልበትህን ምን ሆንክ ሲባል ወድቄ ነው ብሏል።

ይህ ልጅ እኔን ሸፍኖ ነው የታሰረው። ባለቤቴ የእኔን ነገር እንዳይሰሙ ብሎ የፈሪ ስም በራሱ ላይ ወሰደ። ኢፋ አልፈራም። እግሩ ገብቶ ነበር። ጉልበቱ ይታይ፤ የዶማ እጀታ ምልክት አለበት። የተቀደደውን ሹራብ ገለቴ ቤት ታገኙታላችሁ። በመምታቴ የምጠየቅ ከሆነ እጠየቃለሁ። ኡዘይርን ጉድጓድ ውስጥ ትቼ ያተረፍኩት ልጅ ኢፋ ነው። እሱን ደግሞ እናንተ አትያዙብኝ። ልቀቁልኝ።

የምለው ይህን ብቻ ነው። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላባበለኝም። የተጻፈው ተነቦልኛል፤ የጨመርኩት የለም፣ የደበቅኩትም ከእንግዲህ የለም።

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ምስክሯ ከመፈረማቸው በፊት፣ በር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው ሲጠብቋቸው የነበሩት ባለቤታቸው አቶ ከሊፋ ገብተው ቃሉ በፊታቸው እንዲነበብ ጠይቀዋል። ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት ነው ብለዋል። በጠየቁት መሠረት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቧል። አቶ ከሊፋ ቆመው አዳምጠዋል። ንባቡ ሲያበቃ ምስክሯን «ኡዘይር ስንት ጊዜ ጠራሽ?» ብለው ጠይቀዋል። ምስክሯ «አንድ ጊዜ» ብለው መልሰዋል። አቶ ከሊፋ ከምስክሯ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በአቤቱታቸው ይቀጥሉ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «የልጁን ጉልበት ሐኪም አይቶታል?» ብለዋል። አላየውም ብያቸዋለሁ። «እንግዲያው አምጡልን፣ እኛ እንወስደዋለን» ብለዋል።

የምስክሯ ፊርማ፦ ራቢአ ሸምሱ
ሲነበብ የነበሩ፦ ከሊፋ (የኡዘይር አባት)፣ ፊርማ
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ኢንስፔክተር አሥራት ውብአየሁ፣ ፊርማ