ፊት የሚያይ ማስታወቂያ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ በሉ። ወንበር ያልደረሰው ደጃፉ ላይ ይቀመጥ። ስለ ሰፈራችን ለጣፊ አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

ለጣፊው ድሮ የሲኒማ ቤቱን ማስታወቂያ በየግድግዳው ይለጥፍ የነበረ ሰው ነው። የዱቄት ሙጫውን በባልዲ አንጠልጥሎ፣ ሰፊ ብሩሹን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ብቅ ሲል መንደሩ በሙሉ ይከተለው ነበር። «የፊልሙ መጨረሻ እንዴት ነው?» ሲሉት፣ «ትኬት የቆረጠ ያየዋል» ብሎ ብሩሹን ያራግፍባቸዋል። አይ ጊዜ! ሲኒማ ቤቱ ተዘግቶ የሲሚንቶ መጋዘን ሆነ። ለጣፊውም በስተርጅና የውርርድ ቤት ካርድ አዳይ ሆኖ ቀረ። ካርዱ ላይ የእሱ ኮድ ተጽፏል፤ በዚያ ኮድ ተመዝግቦ የተጫወተ ሰው ተበልቶ ሲከስር፣ ለጣፊው ከውርርድ ቤቱ ድርሻ ይደርሰዋል።

አንድ ቀን ለጣፊው በሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ደጅ ቆሞ ካርድ ሲያድል፣ የእህቱ ልጅ ከአውቶቡስ ሲወርድ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ልጁ ንግድ የተማረ ነው። ለዚያው ውርርድ ቤት ተጫዋች ይመለምላል፤ እሱ ግን ቻናል ከፍቶ በስልኩ ብቻ ነው። ተሳሳሙ፤ ለጣፊው የእህቱን ጤና፣ የጉልበቷን ሕመም ሳይቀር ጠየቀ። ከዚያ ልጁ የአጎቱን ያለቀ ጫማ አየና አላስቻለውም።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ እርስዎ ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚያገኙትን ሰው እኔ ሻዬን ሳልጨርስ አገኘዋለሁ። ለምን እግርዎ አያርፍም?»

«እግሬስ ባረፈ፤ ዓይኔ ግን ሥራ ይፈታል» አለ ለጣፊው።

እንዲህ ማለቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ካርድ ከመስጠቱ በፊት ፊት ያያል። ጢም ላላቆጠቆጠ አይሰጥም። ጠዋት ወስዶ ከሰዓት ፊቱ ጠቁሮ ለተመለሰ አይሰጥም። የሥራ ዕቃውን ተሸክሞ ለመጣ ደግሞ በፍጹም። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው አንድ ጊዜ በውርርድ ተበልቶ ተበልቶ፣ የስፌት መኪናውን በጋሪ ጭኖ ሊሸጥ ሲሄድ መንገድ ላይ ካርድ ጠየቀው። ለጣፊው ካርዱን ኪሱ ከትቶ፣ ጋሪውን አዙሮ እስከ ቤቱ ደጃፍ ገፋለት። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፊው ወደ ውርርድ ዞር ብሎ አላየም።

ለጣፊው ይህን ሁሉ ሲያጫውተው ልጁ በአክብሮት ሰማ፤ ግን አልተረታም። በስልክ ዕድሜ ይጠየቃል፣ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል፣ ያልፈለገ ይዘጋዋል አለ። «በእጅ ሲሰጡት ግን እርስዎን አፍሮ የሚቀበል የለም?»

ለጣፊው ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዘወር አለ። እሱም መቀሱን ሳያቆም፣ «እኔ አለሁ እንጂ። ወስጄ ወስጄ መሳቢያዬ ሞላ» አለው። ለጣፊው ሳቀ፤ ነገሩ ግን ገባው። ስልኩን አውጥቶ ለልጁ ሰጠው።

ልጁም ኮዱን በሊንክ ቀይሮ፣ በአጎቱ ስም ጥሩ ግብዣ ጽፎ፣ ስልኩ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ላከው። ማን ማን እንደሆነ አልጠየቀም። አጎቱም አልነገረውም።

ብዙም ሳይቆይ ልብስ ሰፊው ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ መጣ። ስልኩን ከፊቱ ዘርግቶ ይዞታል።

«ወንድሜ፣ ያኔ ጋሪዬን የመለስከው አንተ ነህ፤ ዛሬ የጠራኸኝም አንተ ነህ። አንተ ካልክ ደህና ነገር ቢሆን ነው ብዬ ጣቴን አሳርፌበት ነበር። ከዚያ፣ ቆይ መጀመሪያ ፊቱን ልየው ብዬ መጣሁ።»

ለጣፊው ወደ ልጁ ዞረ። ልጁ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ጋሼ፣ ስልኩ እኮ እሳቸው ማን እንደሆኑ አያውቅም» አለ ቀስ ብሎ።

«ስልክ ምን ያውቃል ልጄ? የምናውቀው እኛ ነበርን» አለ ለጣፊው።

ልጁ ይቅርታ ጠይቆ የላከውን ሁሉ አጠፋ። ቀጥሎም፣ ውርርድ ቤቱ በስልኩ ላይ ራሱን ከጨዋታው ማገድ ለሚፈልግ ሰው ያስቀመጠውን ቦታ ለልብስ ሰፊው አሳየው። ልብስ ሰፊው በዚያችው ጣቱ ተጫናት። ለጣፊው ይህን ሲያይ፣ ካርድ እንዲህ ያለ መውጫ በር እንደሌለው አመነ። እሱም ቢሆን ለማንም «አንተ ስትከስር እኔ አገኛለሁ» ብሎ እንደማያውቅ ለልጁ ነገረው።

ልጁ ያንኑ ቃል ቻናሉ አናት ላይ ጻፈው። ላልጠየቀው ሰው ሊንክ መላክም ተወ። ተከታዩ ቀነሰ፤ የቀረው ግን እያወቀ የገባ ነው። ልጁም መንገድ ላይ የሚያውቀውን ሰው ሲያገኝ አንገቱን አይደፋም።

ለጣፊውስ? ካርዱን ለውርርድ ቤቱ መልሶ ባልዲውን ከአልጋ ሥር አወጣ። ሙጫው ሲበጠበጥ ያ የድሮው ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ። ዛሬ የልብስ ሰፊውን ማስታወቂያ በየግድግዳው ይለጥፋል፤ የእህቱ ልጅ ደግሞ የተሰፋውን ልብስ ፎቶ በስልኩ ያሳያል። ግድግዳውን ያየ በእግሩ፣ ስልኩን ያየ በጥሪ ይመጣል። ስፌት መኪናዋም ቀኑን ሙሉ ስትጮህ ትውላለች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሰውን በአፍም ጥሩት፣ በስልክም ጥሩት፤ ጊዜው ያመጣውን አልነቅፍም። ብቻ ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ያ ሰው ማን እንደሆነ አስቡ። ይህቺን አደራ፣ አትርሱብኝ።