ጉንፋን የያዘው ቀማሽ

እንዴት ዋልሽ እታለም። ለእኔ ብለሽ አትነሺ፤ ሽንኩርትሽን ክተፊ። ይቺ በር ድሮ ስገባ ትጮህ አልነበር? ዘይት ቀባችኋት እንዴ… ወይስ እኔው ነኝ የረሳሁት? በዚህ ዕድሜ አንዳንዱን ነገር ባዛባ አትፍረጂብኝ። ለምሳ ብዬም አይደለም የመጣሁት፤ እሁድ መሆኑን ልብ ያልኩት እንኳ መንገድ ላይ ነው።

አንዲት ልጅ አውቃለሁ። ስም አልጠራም፤ እናቷ ቢላዋ ይዛለች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ምግብ ትማራለች። ጎበዝ ናት፣ ማን ይክዳል? ጨውን ከቤት ያስወጣች ልጅ እኮ ናት። የተማረ ይግደለኝ ያለው ሰውዬ፣ በምን እንደሚገድለው ሳይጠይቅ ነው መሰለኝ…

አንድ እሁድ ቤተሰቡን ለትምህርቷ ቀማሽ አደረገችው። ሾርባ በትንንሽ ኩባያ፣ ኩባያው ላይ ቁጥር፣ በመሃል በውሃ መጉመጥመጥ፣ መነጋገር ክልክል። "ማን እንደሠራው ስለማታውቁ በነፃነት ከዘጠኝ ነጥብ ስጡ" አለች። እውነቷን ነው፣ ማን ያውቃል? ከበላያችን ቆማ ዓይን ዓይናችንን ታየን ነበር እንጂ። አባቷ ዘጠኝ ሰጠ። ወንድሟም ዘጠኝ። እናቷ… እናት መቼም እናት ናት። ሕግ መጣስ የሚፈራ አንድ ሽማግሌ አጎቷ ግን፣ በነፃነት ስለተባለ፣ የጣፈጠውን ያህል ሰጠ። አንድ።

"ጋሽዬ፣ ጉንፋን ይዞሃል እኮ፤ ጉንፋን የያዘው አይቀምስም፣ ሕጉ ነው" አለችው፣ በትህትና። አላስነጠሰም። ግን የተማረ ሰው እያለ ስለ አፍንጫው እሱ ምን ያውቃል? ነጥቡ ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህም እሁድ እሁድ "ምሳ ና" ያለው የለም። እውነት የተናገረ ከመሸበት ያድራል ይሉ ነበር አባቶቻችን፤ ምሳውን የት እንደሚበላ ግን ሳይነግሩን ሞቱ…

ሾርባው ተደነቀ አሉ። የተማሪዎቹ ምግብ ቤት ሳይቀር አንድ ቀን ለሁሉም ታቅርበው ብሎ ፈቀደላት። ረቡዕ ዕለት የግቢውን ዘበኛ ፀጉር ቤት አገኘሁት። "ድስቱን ለአራት ተሸክመን አስገባነው፤ ለአራት ተሸክመን አስወጣነው" አለኝ። ያ ሁሉ ተማሪ ጉንፋን ይዞት ይሆን? እንጃ። ከዚያ ወዲህ ወሬዋን አልሰማሁም።

በይ ልሂድ… ሳህን የምታወጪው ለማን ነው? ለእኔ? እንግዲህ ካልሽ እቀመጣለሁ፤ ጨው ካለሽ ጣል አድርጊበት።

ለዚያች ልጅም እግዜር ዕድሜ ይስጣት። ድስቷ መቼም አይጉደል።