ጠማማው ኪስ

ከዴራ ወደ አሰላ በሚኒባስ ስንወጣ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ልብስ ሰፊዎች ነበሩ።

«ዘይነባ፣ ውጭ አገር የሚላከውን የሸሚዝ ሥራ ለሶፊያ ሰጧት አሉ።»

«ለሶፊያ? የስፌት መኪናዋ አሮጌ፣ ዋጋዋ ከእኔ ውድ! ምኗን አይተው ነው?»

«ናሙና ብለው የላኩትን ሸሚዝ ልክ እንዳለ ሰፍታ አሳየቻቸው።»

«እኔስ አልሰፋሁም? እንዲያውም ኪሱ ጠማማ ነበር፣ አቃናሁላቸው!»

«ጠይቀሻቸው ነው?»

«ምኑን እጠይቃለሁ? ጠማማ ኪስ ማን ይወዳል?»

«ሶፊያ ደውላ ጠየቀቻቸው። ሆን ብለን ነው ያጣመምነው፣ መለያችን ነው አሏት።»

«ወላሂ! ይህን እያወቀች ለእኔ ሳትነግረኝ ዝም አለች?»

«እንዴት ትንገርሽ? ለአንድ ሥራ እየተወዳደራችሁ!»

«ተያት፣ ድሮም ምቀኛ ናት።»

አሰላ እስክንገባ ድረስ፣ ዘይነባ እንዳታቃናልኝ፣ የሸሚዜን ኪስ በመዳፌ ሸፍኜ ተቀመጥኩ።